ልል መገጣጠሚያ፣ የተጎዳ አንገት፦ ኮላሩን እንዴት እናስለቅቃት?

የሳቢያን ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ እህቴ ነው። 22 ዓመቷ ነው፣ የምንኖረው ድሬዳዋ ነው። ከ7 ሳምንት በፊት የተሳፈረችበትን ባጃጅ ሚኒባስ ከኋላ ገጨው። ከመቀመጫዋ አልወደቀችም፣ ጭንቅላቷ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ወደ ፊት ተመለሰ። በማግስቱ አንገቷን ማዞር አቃታት። ራጅ ተነሥታ ስብራት የለም ተባለና ለስላሳ ኮላር ተሰጣት። "ለጥቂት ቀን" ነበር የተባለው፤ እሷ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ቀኑን ሙሉ አስራው ትውላለች። ስታወልቀው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭንቅላቷ ይከብዳታል፣ በእጇ ካልደገፈችው የሚወድቅ ይመስላታል።

መገጣጠሚያዎቿ ከልጅነቷ ጀምሮ ልል ናቸው። አውራ ጣቷ ታጥፎ ክንዷን ይነካል፣ በሁለቱም እጅ። ትንሿ ጣቷ ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ አልፋ ትታጠፋለች፣ እሷም በሁለቱም እጅ። ሁለቱም ክርኖቿ ወደ ውጭ ይለመጣሉ። ጉልበቷን ሳታጥፍ መዳፏን መሬት ላይ ታሳርፋለች። ጉልበቷ ግን ወደ ኋላ አይለመጥም።

ወጌሻ ሁለት ጊዜ በቅቤ አሽቶ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አድርጓታል። ለአንድ ሁለት ሰዓት ይቀላታል፤ በማግስቱ ግን ከማጅራቷ ተነሥቶ እስከ ዓይኗ ጀርባ የሚደርስ ራስ ምታት ይይዛታል። ፓራሲታሞል በየቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ዲክሎፌናክ አልፎ አልፎ ትወስዳለች። እጅ እግሯ አይደነዝዝም፣ ስትራመድም አትንገዳገድም።

መታሸቱ ይቀጥል ወይስ ይቅር? ኮላሩን በምን ያህል ጊዜ እናስለቅቃት? ቤት ውስጥ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ፣ ስንት ጊዜ ትሥራ? የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ገና 3 ሳምንት ይቀረዋል።

ፊዚዮ ከሐረር

ወንድሜ፣ የነገርከንን የመገጣጠሚያ ልልነት በሚለካው በቤይተን መለኪያ ስደምረው ከ9 ውስጥ 7 ይመጣል፦ አውራ ጣት 2፣ ትንሿ ጣት 2፣ ክርን 2፣ መሬት መንካት 1። ከጉርምስና በኋላ እስከ 50 ዓመት ላለ ሰው 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ መላ መገጣጠሚያው ልል ነው ይባላል። ይህ ብቻውን በሽታ አይባልም፤ የማገገሚያውን መንገድ ግን ይለውጠዋል።

መታሸቱ ይቁም፣ መሳቡ ደግሞ ዛሬውኑ። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረው ጅማት በአብዛኛው ሰው ላይ አጭር ገመድ ነው፤ መገጣጠሚያው ጥጉ ላይ ሲደርስ ያቆመዋል። በእህትህ ዓይነት ሰው ግን ገመዱ ይረዝማል፤ ስለዚህ የመያዙ ሥራ በጡንቻ ላይ ይወድቃል። ከአደጋው ወዲህ ያ ጡንቻ ሌት ተቀን ዘብ ቆሟል። ማጅራቷ ላይ ሲዳሰስ የሚገኘው ቋጠሮ ያ ዘበኛ ነው። ሲታሽ ይተኛል፣ ይቀላታል። መገጣጠሚያው ያለ ያዥ መንሸራተት ሲጀምር ግን ደንግጦ ይነሣና ከበፊቱ አጥብቆ ይጨብጣል። የማግስቱ ራስ ምታት የሚመጣው ከዚህ ነው። አንገትን እስከ ጥግ እያዞሩ ማፍታታትም ልጅቷን ያው ቦታ ነው የሚመልሳት፣ መዞር መቼም አልጎደላትም። ሲብስባት በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ጨምቃ 10 ደቂቃ ማጅራቷ ላይ ታድርግ፣ ያ ይበቃል።

የደከመው ሌላ ቦታ ነው። ከጉሮሮ ጀርባ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት የተለጠፉ ቀጫጭን ጥልቅ ጡንቻዎች አሉ፤ አንገትን ከውስጥ እንደ ምሰሶ የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ከእንዲህ ያለ ጉዳት በኋላ እነሱ ይሰንፋሉ፣ ከጆሮ ጀርባ ወደ ደረት የሚወርዱት ላይኛዎቹ ገመዶች ሥራውን ይሻማሉ። እነዚህ ደግሞ ለመዞር እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመሸከም አልተሠሩም፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭንቅላቷ የሚከብዳት ለዚህ ነው።

ጥልቆቹን ለማንቃት ከፋርማሲ የሚገኝ የደም ግፊት መለኪያ በቂ ነው፤ በእጅ የሚነፋው፣ መርፌ ያለው ሰዓት መሳዩ። በባትሪ የሚሠራው ለዚህ አይሆንም፣ ራሱ ነፍቶ ራሱ ያስተነፍሰዋል። ጨርቁን ሦስት እጥፍ አድርገህ ጠቅልለው። እህትህ በጀርባዋ ትተኛ፣ ጉልበቷን ታጥፍ፣ አገጯና ግንባሯ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አገጯ ወደ ላይ ከቀና ከራሷ ሥር አንድ የታጠፈ ፎጣ ጨምር። ጨርቁን ከማጅራቷ ሥር፣ የራስ ቅሏ የሚያልቅበት ጋ አስገባና እስከ 20 ንፋው። አንዴ ጫን ጫን አድርገህ አየሩን አዳርስ፣ እንደገና 20 ላይ መልሰው። አሁን በጣም በቀስታ "አዎ" እንደሚል ሰው ራሷን ትነቅንቅ፤ ጭንቅላቷ ከመሬት አይነሣም፣ አገጯ ብቻ ወደ ጉሮሮዋ ትንሽ ይጠጋል። መርፌው ከ20 ወደ 22 ይምጣ። አንዲት ጭረት ማለት ነው።

እዚያ ላይ 5 ሰከንድ ትያዝ፣ 10 ሰከንድ ትረፍ። በመጀመሪያው ሳምንት 5 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ አይበልጥም። ምላሷ ላንቃዋን ይንካ፣ ጥርሶቿ አይገጣጠሙ፣ እስትንፋሷን አትያዝ። 10 ሰከንድ 10 ጊዜ ሳትንቀጠቀጥ ስትይዝ ወደ 24 ትለፍ፣ ከዚያ 26። ጤነኛ አንገት እስከ 28 እና 30 ይሄዳል። ወደዚያ ለመድረስ አትቸኩሉ፤ በዚህ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ለስላሳ መያዝ ይበልጣል።

የሕመሙ ደንብ ይህ ነው፦ ከሠራች በኋላ ሕመሙ ከ10 በ2 ነጥብ በላይ ከጨመረና እስከ ማግስቱ ጠዋት ካልተመለሰ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱ። አታቋርጡ። ልል መገጣጠሚያ ያለው ሰው ከሁለት ነገር በአንዱ ይሳሳታል፦ ወይ ደህና ቀን ሲያገኝ አብዝቶ ሠርቶ ለሦስት ቀን ይተኛል፣ ወይ አንዴ ስለባሰበት ጨርሶ ይተወዋል።

ኮላሩ ላይ፦ ድንገት ማውለቅ አይሆንም። 7 ሳምንት የተሸከመላት ነገር ነው። የምትችለው 15 ደቂቃ ከሆነ ከዚያ በታች ጀምሩ፤ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ታውልቀው። በየሦስት ቀኑ፣ ጠዋት ላይ ካልባሰባት፣ 5 ደቂቃ ጨምሩ። በዚህ ሂሳብ ከ10 ወደ 60 ለመድረስ አንድ ወር ይፈጃል። ያወለቀችበትን ጊዜ በስልክ አታሳልፈው፣ ትቁም፣ ትራመድ፣ እጇን ታንቀሳቅስ። ሌሊት ኮላር የለም።

ጤና መኮንን

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። እኔ ግን አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ራጁ "ስብራት የለም" ሲል የመለሰው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጅማት በራጅ አይታይም። በአደጋው ሰሞን ደግሞ ጡንቻው ተኮማትሮ ስለሚይዘው ልልነቱ ይደበቃል። አሁን 7 ሳምንት ስላለፈው አንገቷን ወደ ፊት ደፍታና ወደ ኋላ አቅንታ የሚነሣ ራጅ እንዲታዘዝላት ጠይቁ። ስታጎነብስ ራሷ ትጎንብስ፣ ማንም እንዳይጫናት፤ ከሚያማት ላይ ትቁም። ሐኪሙ የሚለካው በመጀመሪያው የአንገት አጥንት የፊት ቅስትና በሁለተኛው አጥንት ጥርስ መሰል ጉጥ መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ በአዋቂ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ጉዳዩ የፊዚዮቴራፒ ብቻ አይደለም። ተኝቶ የሚነሣ ኤም አር አይ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣም ልልነት የለም ማለት አይደለም፤ ጭንቅላቷን የተሸከመላት አልጋው ነውና። አንገታችን ከሚዞረው ግማሽ ያህሉ የሚዞረው በእነዚሁ ሁለት የላይ አጥንቶች መካከል መሆኑን አስቡት። ወጌሻው ወደ ላይ የሳበውም እዚያው ነው።

እጅ እግሯ አይደነዝዝም ብለሃል፣ ተመስገን። ሕብለ ሰረሰር ሲነካ ግን ሁልጊዜ በመደንዘዝ አይጀምርም፤ ብዙ ጊዜ በእጅ አለመታዘዝ ይጀምራል። በሳምንት አንዴ ይህን አድርጉላት። ከትሪ ላይ 20 ፍሬ ምስር አንድ በአንድ ለቅማ ብርጭቆ ውስጥ ትጨምር፣ ሰዓት ያዙ፤ በየሳምንቱ እየዘገየች ከሄደች ምልክት ነው። ተረከዟን ከሌላው እግሯ ጣት ጋር እያጋጠመች በቀጥታ መስመር 10 እርምጃ ትሂድ። አገጯን ወደ ደረቷ ስትደፋ በጀርባዋ ወይም በእጆቿ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ካለ፣ ሽንት መቆጣጠር ከተቸገረች፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጋ ካየች፣ ምላሷ ከተሳሰረ፣ መዋጥ ካቃታት፣ ራሷን ሳትስት ጉልበቷ ድንገት ከከዳት፣ እንቅስቃሴውን ትታችሁ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ከዚህ በፊት የማታውቀው ኃይለኛ የአንድ ወገን የአንገት ሕመም መጥቶ በዚያው ወገን የዓይኗ ቆብ ከወደቀ ደግሞ የደም ሥር መሰንጠቅ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ሰዓትም አታቆዩአት።

አንድ ነገር ከቤተሰብ አጣሩ። ከዘመድ መካከል በወጣትነቱ ትልቅ የደም ሥር ወይም አንጀት ፈንድቶበት የሞተ ካለ፣ የእህትህም ቆዳ ስስ ሆኖ ሥሩ የሚታይና በትንሹ የሚበልዝ ከሆነ፣ ከሌሎቹ የልል መገጣጠሚያ ሕመሞች የተለየና አደገኛ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ልቧና የደም ሥሮቿ ቀድመው ይታዩ።

ስለ መድኃኒት። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬ፣ አይለፍ። መጠኑ ውስጥ ብትሆንም በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ትራማዶል ከሆነ በወር 10 ቀን ይበቃዋል። እሷ ገና ሁለት ወር አልሞላትም፣ አሁኑኑ ቀንሱት፤ በሳምንት ውስጥ መድኃኒት የማይነካባቸውን ሁለት ቀናት በቀን መቁጠሪያ ላይ ክበቡ፣ ቀስ በቀስ ይብዙ። ዲክሎፌናክ ከምግብ ጋር፣ ከአይቡፕሮፌን ጋር ግን አብሮ በፍጹም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ ለጅማትና ለትልቁ የደም ሥር ጠንቅ ስላለው የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ማስጠንቀቂያ የኤለርስ ዳንሎስና የማርፋን (በዘር የሚተላለፉ፣ መገጣጠሚያን የሚያላሉ ሕመሞች) ሕመምተኞችን ለይቶ ጠቅሷል። ለሆድ ሕመም ወይም ለሽንት ቃጠሎ ሐኪም ጋ ስትሄድ መገጣጠሚያዋ ልል መሆኑን ትናገር፤ ከፋርማሲ በአፍ ጠይቆ መግዛት ለእሷ አይሆንም።

የጭንቅላት መክበዱ ከማዞር ጋር ከሆነ የልብ ምቷንም ቁጠሩ። 10 ደቂቃ ተኝታ ይቆጠር፣ ቆማ ደግሞ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ10ኛው ደቂቃ። በደቂቃ 30ና ከዚያ በላይ ጨምሮ ከቆየ፣ የደም ግፊቷም ካልወረደ፣ ልል መገጣጠሚያ ባላቸው ሰዎች ላይ የሚደጋገም የልብ ምት ችግር ነው። የድሬ ሙቀት ያባብሰዋል። ይህ ያለባት ሰው ለእንቅልፍና ለሕመም ተብሎ አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘላት ምቷ ይበልጥ ሊፈጥን ስለሚችል ለሐኪሙ ቀድማ ትንገር።

የጁገል እህት

አቦ፣ እንቅስቃሴው በቀን 10 ደቂቃ ነው፤ የቀረው ቀን ነው አንገቱን የሚሠራው ወይም የሚያፈርሰው። የእኔ ሙያ የተጎዱ ሰዎችን የዕለት ሥራ ማለማመድ ስለሆነ እሱ ላይ ልጨምር።

ትራስ። ግድግዳ አጠገብ ቀጥ ብላ በጎኗ ትቁም፣ ትከሻዋ ግድግዳውን ይንካ፣ ከጆሮዋ በታች ካለው የራሷ ጎን እስከ ግድግዳው ያለውን በማስመሪያ ለኩት። ስትተኛ ተጨፍልቆ የሚቀረው የትራሷ ውፍረት ያን ያህል መሆን አለበት። የጥጥ ትራስ ሌሊት ይሸሻል፤ ከሱ ይልቅ የታጠፈ ብርድ ልብስ በትራስ ልብስ ውስጥ ከትታችሁ በአንድ እጥፍ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። በጀርባዋ ስትተኛ ዝቅ ያለ ይሁን። በሆዷ አትተኛ፤ ሌሊቱን ሙሉ አንገቷ ጥግ ላይ ተጣሞ ያድራል።

ጀሪካን። 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ በአንድ እጅ ሲንጠለጠል ከማጅራት ወደ ትከሻ የሚወርደውን ጡንቻ ይጎትታል፣ ልል የሆነውን የትከሻ መገጣጠሚያም ወደ ታች ያወርደዋል። ለሦስት ወር ከባለ 5 ሊትር አይለፍ፣ ሁለት በሁለት እጅ፣ ክርኗ ቀጥ ብሎ ሳይቆለፍ በትንሹ ታጥፎ። በራስ መሸከም ፈጽሞ የለም።

ፀጉር ቤት ላይ አደራ። ራስን ወደ ኋላ ቀልብሶ የሚታጠብበት ገንዳ ለጤነኛ ሰው እንኳ የአንገት ደም ሥርን የሚያስጨንቅ አቀማመጥ ነው። ቤት ውስጥ ቆማ፣ ውኃው ከላይ እየፈሰሰላት ትታጠብ። ሹሩባም ሁለትና ሦስት ሰዓት አንገት ደፍቶ ከመጎተት ጋር ነው፤ ለጊዜው ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ወፍራም ሹሩባ፣ በየ20 ደቂቃው እረፍት፣ ሠሪዋ ጭንቅላቷን በእጇ እንዳታዞርባት።

በርጫ ላይ የምትቀመጥ ከሆነ፦ መከዳ ላይ በአንድ ክርን ተደግፎ አራት አምስት ሰዓት መጋደም አንገትን በአንድ ወገን አጥፎ ያቆየዋል፣ ልል ትከሻም በዚያው ወደ ጆሮ ይገፋል። ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ከሁለቱም ክርኖቿ ሥር መከዳ አድርጋ ትቀመጥ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ትነሣ። ጫቱ ራሱ የልብ ምት ያፋጥናል፤ ጤና መኮንኑ ያለው የልብ ምት ችግር ካለባት ቢቀር ነው የምለው።

ሶላት ላይ፣ ታሞ ላቃተው ሰው ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደ ነው። በሱጁድ ክብደቷ ግንባሯ ላይ እንዳይወድቅ መዳፎቿ ይሸከሙላት፤ በተስሊም ደግሞ አንገቷን እስከ ጥግ ከማዞር በደረቷ ጭምር ትዙር። ክርስቲያን ከሆነች ስለ ስግደቱ የንስሐ አባቷን ታማክር፣ ለታመመ አይጫንም።

እንጀራ መጋገር ከጀመረች ምጣዱ ከወገቧ ከፍታ ላይ ይሁን፣ ከሦስት አራት እንጀራ በላይ በአንዴ አትጋግር። ዝቅ ብሎ እሳት እፍ ማለት አገጭን ወደ ፊት ያስወጣል፤ በማራገቢያ ይሁን።

በአንድ ነገር ግን ከፊዚዮው እለያለሁ፦ ኮላሩን መንገድ ላይ አትከልክሏት። ድሬ ውስጥ ባጃጅ፣ ወደ ሐረር ደግሞ የደንገጎ ጠመዝማዛ አለ። ነጂው ፍሬን ሲይዝ ጭንቅላቷ የሚሄድበትን አታውቀውም።

የሳቢያን ልጅ

እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ጀመርን። ሁለት ችግር ገጠመን። 20 ላይ የነፋሁት መርፌ እሷ ምንም ሳትሠራ በራሱ ወደ 16 ይወርዳል። 22 ለማድረስ ስትሞክር ደግሞ የአንገቷ የፊት ገመዶች ተወጥረው ይታያሉ፣ አንዳንዴም መርፌው 30 ይዘላል። ሐረር አያታችን ስላለች በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እንሄዳለን፤ መንገዱንም ብትነግሩኝ።

ፊዚዮ ከሐረር

መርፌው በራሱ የሚወርደው አየር ስለሚያመልጥ ነው። ከመንፊያው አጠገብ ያለችውን ብሎን እስከ መጨረሻ አጥብቃት፤ ካልተሻለው ጨርቁን ነፍተህ ውኃ ውስጥ ሳትነክረው ቱቦው ከጨርቁ የሚገናኝበትን በሳሙና አረፋ ቀባው፣ አረፋው የሚፈነዳበት ላይ ነው ቀዳዳው። ስትጀምሩ ሁልጊዜ አየሩ ባዶ ሆኖ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን እይ። 20 ነፍተህ መጽሐፍ ጫንበትና አንድ ደቂቃ ጠብቅ፤ ካልወረደ ይሠራል።

30 የሚዘለው ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ወደ ጨርቁ እየገፋች ስለሆነ ነው። ያ ሌላ ጡንቻ ነው። ፈጽሞ አትግፋ፤ ዓይኗን ብቻ ወደ እግሯ ጣቶች ዝቅ ታድርግ፣ አገጯ ዓይኗን ይከተል። ለብዙ ሰው ዓይን ማውረዱ ብቻውን አንዲቷን ጭረት ያመጣል። የፊት ገመዶቹን ለመቆጣጠር ሁለት ጣቷን ቀስ አድርጋ ከአገጯ በታች ግራና ቀኝ ታስቀምጥ፤ ሲጠነክሩ ከተሰማት አብዝታለች። 22 ከከበዳት 21 ይሁን፣ በመርፌው ግማሽ ጭረት። 3 ሰከንድ 5 ጊዜ። ማፈር የለም፣ በዚህ ደረጃ ሳምንት የሚፈጅባቸው ብዙዎች ናቸው።

24ን በደንብ ስትይዝ የሚከተለው ይጨመር፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ቁጭ ብላ ሁለት ጣቷን ግንባሯ ላይ ታድርግ፤ ጣቶቿ በትንሹ ይግፉ፣ ጭንቅላቷ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ ትመክት። ከሙሉ ጉልበቷ አንድ አምስተኛ አይለፍ። 5 ሰከንድ 5 ጊዜ፣ ከዚያ ከኋላ፣ ከቀኝ፣ ከግራ። ለትከሻዋ የብስክሌት ከመነዳሪ በቁመቱ ቆርጣችሁ በር እጀታ ላይ እሰሩ፤ ክርኗን ከጎኗ አስጠግታ ወደ ኋላ ትሳብ፣ ጀርባዋ ላይ ያሉት ጠፍጣፋ አጥንቶች ወደ ታችና ወደ መካከል ይምጡ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እንዳይወጣ። 8 ጊዜ ሁለት ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። ክርኗ ወደ ውጭ ስለሚለመጥ እጇ ሲዘረጋ ከመጨረሻው ትንሽ ቀድማ ትቁም፤ ይህ "ከጥግ በፊት መቆም" በመላ አካሏ ላይ ልማድ ይሁን።

አንድ ሌላ ያልተነሣ አለ። ልል መገጣጠሚያ ያለው ሰው አካሉ የት እንዳለ የሚነግረው ስሜት ደካማ ነው፣ ከአንገት ጉዳት በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይጠፋል፤ የማዞሩ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ታይዋን ገበያ የምትሸጠውን ትንሽ የሌዘር መብራት በላስቲክ ግንባሯ ላይ እሰሩላት። ከግድግዳው 90 ሴንቲ ሜትር ርቃ ትቀመጥ፣ መብራቱ ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ዓይኗን ጨፍና አንገቷን በቀስታ ወደ ቀኝ አዙራ ትመልስ፣ "መጀመሪያ የነበርኩበት ይህ ነው" ስትል ትቁም። መብራቱ ከምልክቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ራቀ? 6 ጊዜ በቀኝ፣ 6 ጊዜ በግራ፣ አማካዩን ያዙ። ከ7 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ስሜቱ ተበላሽቷል፤ ልምምዱም ራሱ ይኸው ነው፣ ዓይኗን ገልጣ ስህተቷን እያየች በቀን 5 ደቂቃ። በዚያው ርቀት ከመካከለኛው ምልክት ግራና ቀኝ 52 ሴንቲ ሜትር ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ 30 ዲግሪ ማለት እዚያ ነው። ከፕላስተሩ አትለፍ። በኋላ ሲሻላት 90 ሴንቲ ሜትር ላይ አዛውሩት፣ 45 ዲግሪ ይሆናል። ብርሃኑ ማንም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ፣ መስታወትም ፊት ለፊት አይኑር።

ስለ ኮላሩ የጁገል እህት ትክክል ናት፣ ሐሳቤን አስተካክላለሁ፦ ለመንገድ ይሁን፣ ስትደርስ ይውለቅ፣ ያን ጊዜ ከዕለቱ ሂሳብ አትቁጠሩት።

የጁገል እህት

ዓርብ ዕለት ከሄዳችሁ ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ከ1,200 ሜትር አካባቢ ወደ 1,900 ገደማ ስለሚወጣ ጠመዝማዛው በአብዛኛው ደንገጎ እስክትደርሱ ነው። የሚኒባሱ የመጨረሻ ወንበር ከኋላ ጎማ በላይ ስለሆነ ይነጥራል፤ ከነጂው ኋላ ባለው የመጀመሪያ ረድፍ፣ ወደ ፊት ዞራ ትቀመጥ። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ አይንጠልጠል፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት ክርኗን ታስደግፍበት፤ የእጆቿ ክብደት ከአንገቷ ላይ ይነሣል። ስልክ አታይ፣ ዓይኗ ሩቅ አስፋልቱ ላይ ይሁን፤ መታጠፊያው ሲመጣ ቀድማ ካየችው ጡንቻው ቀድሞ ይዘጋጃል። ተደግፋ እንዳትተኛ፣ እንቅልፍ የወሰደው አንገት ዘበኛ የለውም።

አወዳይ ላይ መኪናው ሲቆም ወርዳ 5 ደቂቃ ትቁም፣ ውኃ ትጠጣ። ሐረር ስትገቡ ወደ ጁገል ውስጥ በባጃጅ አትውሰዳት፣ ድንጋዩ ያነጥራታል፤ ከበሩ ጀምሮ በእግራችሁ ግቡ። አያታችሁ ቤት እንደደረሰች 20 ደቂቃ በጀርባዋ ተጋድማ ኮላሩን ታውልቅ። በዚያ ቀን የማታው እንቅስቃሴ ይቅርባት፣ ቅዳሜ ጠዋት ምስሩን ትልቀምና ሰዓቱን ጻፉ።

የሳቢያን ልጅ

ቀዳዳው ቱቦው ሥር ነበር፣ በአዲስ ቀየርኩት። 21 ላይ 3 ሰከንድ 5 ጊዜ ያዘች፣ ገመዶቹ አልወጡም። ምስሩን በ48 ሰከንድ ለቀመች። ደፍታና ቀና ብላ የሚነሣውን ራጅ ሰኞ እናስጽፋለን፣ ክፍተቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ እዚሁ አሳውቃለሁ።

ጤና መኮንን

ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ እንዲጻፍ አስጠንቅቃችሁ ንገሩ፣ "ደህና ነው" ብቻ እንዳይሆን። ፊልሙንም ተቀበሉና ለፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዋ ያዙት። ዓርብ ከመጓዛችሁ በፊት ውጤቱ ካልወጣ የሐረሩ መንገድ ለሚቀጥለው ዓርብ ይተላለፍ።